የሚጥል በሽታ መድኃኒትና የእንስሳት ጠባይ፤ በአንድ መለኪያ ብቻ ስለ መፍረድ



አንድን መሣሪያ በአንድ መለኪያ ብቻ የሚቆጣጠር ሰው፣ መሣሪያው ደኅና ነው ብሎ ባመነበት ሰዓት መሣሪያው እየተበላሸ ሊሆን እንደሚችል ለመሐንዲስ መንገር አያስፈልግም። የቦይለር የግፊት መለኪያ ተገቢውን ቁጥር እያሳየ የውኃው ልክ ግን ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ግፊቱን ብቻ የሚመለከት ሠራተኛ ጉዳቱን የሚያውቀው ከደረሰ በኋላ ነው። የዛሬው ንግግር ይህንኑ የታወቀ እውነት ከሙያው ክልል ውጭ ወደሚገኝ ጉዳይ ይወስደዋል። ጉዳዩም የሚጥል በሽታ ያለባቸው እንስሳት፣ በተለይም ውሾች፣ በሚታከሙባቸው መድኃኒቶች ምክንያት በጠባያቸውና በግንዛቤያቸው ላይ የሚደርሰው ለውጥ ነው።

የሕክምናው ዋና መለኪያ የጥቃት ቁጥር ነው። እንስሳው በወር ስንት ጊዜ ወደቀ? ስንት ደቂቃ ተንፈራገጠ? ቁጥሩ ከቀነሰ ሕክምናው ተሳካ ይባላል። ይህ መለኪያ አስፈላጊ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ብቻውን በቂ አይደለም። ጥቃትን ያስቆመ መድኃኒት የእንስሳውን ንቃት፣ ትዕግሥትና የመማር ችሎታም አብሮ ሊቀንስ ይችላል። ይህንን የሚያሳይ ሁለተኛ መለኪያ ካልተቀመጠ ማንም አያየውም። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በሽታውና መድኃኒቶቹ

የሚጥል በሽታ በውሾች ላይ ከሚታዩት ሥር የሰደዱ የነርቭ በሽታዎች ሁሉ የበዛው ነው። በጥናት እንደተገመተው ከ1,000 ውሾች መካከል ከ6 እስከ 7 የሚሆኑት በዚህ በሽታ ይያዛሉ። ምክንያቱ በምርመራ የማይገኝለት ወይም ከዘር የሚመጣው ዓይነት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ውሻው ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ሲሆን ነው። ስለሆነም መድኃኒቱ የሚሰጠው ለሳምንት ወይም ለወር ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ለዕድሜ ልክ ነው። ለሳምንት ቢሆን ችላ ሊባል የሚችል የጎንዮሽ ጉዳት፣ ለ10 ዓመት ሲሆን የእንስሳው ኑሮ ራሱ ይሆናል።

የመድኃኒቶቹ ታሪክ በራሱ ትምህርት ይሰጣል። ብሮማይድ ለሚጥል በሽታ እንዲውል እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ሎኮክ በ1857 ሐሳብ አቀረበ። ፌኖባርቢታል ደግሞ ከመነሻው የእንቅልፍ መድኃኒት ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ሀውፕትማን በ1912 ለሚጥል በሽተኞች ሰጥቶ የጥቃቱ ቁጥር መቀነሱን ስላስተዋለ ነው አዲስ ሥራ ያገኘው። ከዚህ እንደሚታየው፣ በነዚህ መድኃኒቶች ዘንድ ፈውሱና መፍዘዙ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። በፌኖባርቢታል ዘንድ ዛሬ «የጎንዮሽ» የሚባለው ውጤት በመጀመሪያ የመድኃኒቱ ዋና ሥራ ነበር።

የዚህም ምክንያት በአሠራራቸው ይገኛል። ፌኖባርቢታል በነርቭ ሴሎች ላይ የሚገኘውን የክሎራይድ በር ክፍት ሆኖ የሚቆይበትን ጊዜ ያራዝማል፤ በዚህም ሴሉ በቀላሉ እንዳይነሣሣ ያደርጋል። ብሮማይድ ደግሞ በክሎራይድ ፋንታ በዚያው በር እየገባ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል። ይህ ፍሬን ጥቃቱ በሚነሣበት የአእምሮ ክፍል ላይ ብቻ የሚያዝ አይደለም። ለመማር፣ ለማስታወስ፣ ለመሄድና ፍርሃትን ለመግታት በሚያገለግሉት ክፍሎች ላይ ሁሉ ይያዛል። አንዱን ጎማ ለማቆም አራቱንም የሚይዝ ፍሬን የተሽከርካሪውን ጉዞ እንደሚያዘገይ ሁሉ፣ እዚህም የሚሆነው ይኸው ነው።

የመለኪያው ታሪክ

ለመሐንዲስ ይበልጥ የሚስበው መድኃኒቶቹ የተፈተኑባቸው መሣሪያዎች ታሪክ ነው። ቦስተን ላይ ይሠሩ የነበሩት ትሬሲ ፑትናምና ሂውስተን ሜሪት በ1937 ባሳተሙት ሥራ፣ ድመቶችን ለማንፈራገጥ የሚያስፈልገውን የኤሌክትሪክ ጉልበት የሚለካ መሣሪያ ተጠቅመው ነበር። ይህን ልክ ከፍ የሚያደርግ፣ ነገር ግን እንደ ፌኖባርቢታል የማያስተኛ ነገር ሲፈልጉ ፌኒቶይንን አገኙ። ሁለቱ ሰዎች ከመጀመሪያው ሁለት መለኪያ ማስቀመጣቸው ሊስተዋል ይገባል። አንዱ ጥቃትን መከላከሉ ሲሆን ሌላው ንቃትን አለመውሰዱ ነበር።

በ1957 ደንሃምና ሚያ የተባሉ ተመራማሪዎች ቀላል መሣሪያ ገለጹ። መሣሪያው በዝግታ የሚሽከረከር ዘንግ ነው። አይጥ በላዩ ትቀመጣለች፤ ደኅና ከሆነች ሚዛኗን ጠብቃ ትራመዳለች፤ መድኃኒቱ ካሰከራት ትወድቃለች። በኋላ በአሜሪካ አገር በተስፋፋው የመድኃኒት ማጣሪያ ሥራ ዘንጉ በደቂቃ 6 ጊዜ እንዲዞር ተደርጎ፣ በ1 ደቂቃ ውስጥ 3 ጊዜ የወደቀች አይጥ እንደ ተጎዳች ይቆጠር ነበር። ከዚያም ግማሾቹን አይጦች የሚያንገዳግደው መጠን፣ ግማሾቹን ከጥቃት ለሚጠብቀው መጠን ይካፈላል። ውጤቱ የመከላከያ አኃዝ ይባላል። ይህ ከመሐንዲሱ የደኅንነት አኃዝ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ቁጥሩ ከ1 በላይ በራቀ መጠን መድኃኒቱ የተሻለ ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ዘንጉ የሚለካው ሚዛንን ነው። በዘንጉ ላይ ቀጥ ብላ የምትራመድ አይጥ የትናንቱን መንገድ ማስታወሷን፣ አዲስ ነገር መማሯን፣ ወይም ጓደኛዋን ያለ ምክንያት መንከሷን ዘንጉ አይናገርም። ትዝታን ለመለካት ሌላ መሣሪያ አስፈልጓል። በ1981 ሪቻርድ ሞሪስ ያስተዋወቀው ክብ የውኃ ገንዳ ለዚህ ያገለግላል። አይጡ ከውኃው ወለል በታች የተደበቀውን መቆሚያ ስፍራ ከቀን ወደ ቀን እያስታወሰ መፈለግ አለበት። በዘንጉ ፈተና ያለፈ መድኃኒት በገንዳው ፈተና ሊወድቅ የሚችለው፣ አንዱ መለኪያ የሌላውን ሥራ ስለማይሠራ ነው።

እንስሳ በቤት ውስጥ ሲታይ

ከላቦራቶሪ ወደ ቤት ሲመጣ ምልክቶቹ ለማንም ሰው የሚታዩ ናቸው። ፌኖባርቢታል የጀመረ ውሻ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይፈዛል፤ የኋላ እግሮቹን እየጎተተ ይንገዳገዳል፤ ውኃ አብዝቶ ይጠጣል፤ አብዝቶም ይሸናል። ከሁሉ ይልቅ የቤተሰቡን ትዕግሥት የሚፈታተነው ከልክ ያለፈ ረሃብ ነው። ድሮ ከሣህኑ ርቆ የማይነካ ውሻ ከጠረጴዛ ላይ ይሰርቃል፤ ቆሻሻ ይገለብጣል፤ ወደ ምግቡ በቀረበ ሰው ላይ ያጉረመርማል። ባለቤቱም «ባለጌ ሆነ» ይላል። ነገሩ ግን ብልግና ሳይሆን ሳያቋርጥ የሚሰማ ረሃብ ነው። በመድኃኒት የተፈጠረን ረሃብ በዱላ ለማስተካከል መሞከር እንስሳውን ያለ ጥፋቱ መቅጣት ነው። አንዳንዱ ውሻ ደግሞ በመፍዘዝ ፋንታ በተቃራኒው ይቅበጠበጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ ይዞራል። ፖታሲየም ብሮማይድም መፍዘዝን፣ መንገዳገድንና ረሃብን ያመጣል። በድመቶች ላይ ግን ከባድ የሳንባ ችግር ስለሚያስከትል ለእነርሱ አይሰጥም። ፌኒቶይንም ቢሆን በውሻ ሰውነት ውስጥ ቶሎ ስለሚጠፋ፣ በድመት ደግሞ እጅግ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ለሁለቱም አይመችም። በአንድ እንስሳ የተገኘ ልክ ለሌላው እንደማይሠራ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

በ2013 በአውሮጳ ኅብረት ለውሾች የተፈቀደው ኢሜፒቶይን ፍሬኑን በከፊል ብቻ እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ነው። ይኸው መድኃኒት በ2018 በድምፅ ለሚደነግጡ ውሾችም ተፈቅዷል። ጥቃትን የሚያቆምና ፍርሃትን የሚያበርድ መድኃኒት አንድ መሆኑ፣ ጠባይና ጥቃት በአእምሮ ውስጥ ምን ያህል ጎረቤታሞች እንደሆኑ ያስረዳል።

ሦስት ምክንያቶች፣ አንድ ምልክት

አስቸጋሪው ነገር የተለወጠውን ጠባይ ሁሉ በመድኃኒቱ ላይ ማላከክ አለመቻሉ ነው። ምልክቱ አንድ ሆኖ ምክንያቱ ሦስት ሊሆን ይችላል። አንደኛ፣ በሽታው ራሱ፤ ሁለተኛ፣ ተደጋጋሚ ጥቃት በአእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት፤ ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ።

ለንደን የሚገኘው የሮያል ቬተሪነሪ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጥናት፣ መድኃኒት ገና ያልጀመሩ ውሾች እንኳ በሽታው ከያዛቸው በኋላ ፍርሃትና ራስን ለመከላከል የሚደረግ ቁጣ እንደጨመረባቸው ባለቤቶቻቸው ገልጸዋል። እንግዲህ እዚህ ላይ መድኃኒቱ ተጠያቂ ሊሆን አይችልም። በ2018 የወጣና ከ4,000 በላይ ውሾችን በባለቤቶቻቸው መልስ የመዘነ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ 286ቱ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሲሆኑ፣ እነዚህ ከሌሎቹ ይልቅ የግንዛቤ ድካም እንደሚታይባቸው አሳይቷል። ድካሙም ጥቃቱ በሚበዛባቸውና በአንድ ቀን ውስጥ ተከታታይ ጥቃት በሚደርስባቸው ላይ የከፋ ነበር። ስለዚህ መድኃኒትን በመፍራት ጥቃትን መተው ግንዛቤን አያድንም፤ እንዲያውም ይጎዳዋል። በዚያው ዓመት ሥልጠና ስለመቀበል ችሎታ በወጣው ጥናት ግን፣ በሽታው ራሱ ችሎታውን ከመቀነሱ በላይ፣ ከአንድ የበለጠ መድኃኒት በአንድነት መውሰድ፣ በተለይም ፖታሲየም ብሮማይድና ዞኒሳማይድ፣ ከባሰ ድካም ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። ሁለቱም ጥናቶች በአንድነት ሲነበቡ የሚሰጡት ምክር ግልጽ ነው፤ ጥቃቱ መቆም አለበት፣ ነገር ግን በተቻለ መጠን በጥቂት መድኃኒትና በትንሹ በቂ መጠን መሆን አለበት።

የግማሽ ዕድሜ ሰዓት

ታዲያ ከሦስቱ ምክንያቶች የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል? እዚህ ላይ የመሐንዲሱ ዘዴ ለሐኪሙ ይረዳዋል። እያንዳንዱ መድኃኒት በደም ውስጥ ያለው መጠን ወደ እኩሌታው ለመውረድ የሚፈጅበት የራሱ ጊዜ፣ ማለት ግማሽ ዕድሜ አለው። ለአንድ ጊዜ የተወሰነ መጠን በተከታታይ ሲሰጥ፣ ከ5 ግማሽ ዕድሜ በኋላ ከመጨረሻው ልክ 97 ከመቶ ያህሉ ይደርሳል። በገንዳ ውስጥ የሚገባውና የሚወጣው ውኃ የሚስተካከልበት ጊዜ የሚሰላውም በዚሁ መንገድ ነው።

በውሻ ዘንድ የሌቬቲራሴታም ግማሽ ዕድሜ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ገደማ ይረጋጋል። የፌኖባርቢታል ከ2 እስከ 3 ቀን ያህል ነው፤ የሚረጋጋውም በ2 ሳምንት ገደማ ነው። የፖታሲየም ብሮማይድ ግን 25 ቀን ያህል በመሆኑ ለመረጋጋት ከ3 እስከ 4 ወር ይፈልጋል። እንግዲህ ፌኖባርቢታል በጀመረ በ3ኛው ቀን የፈዘዘ ውሻ መድኃኒቱን ገና እየተለማመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በ2 ሳምንት ውስጥ ይሻሻላል። በዚያ መሀል ተቸኩሎ መድኃኒቱን መለወጥ ያልተረጋጋን ሥርዓት እንደ ተረጋጋ አድርጎ መፍረድ ነው። ብሮማይድ የሚወስድ ውሻ መጠኑ ሳይጨመር በ3ኛው ወር መንገዳገድ ቢጀምር ደግሞ፣ መድኃኒቱ ገና እየተጠራቀመ ስለሆነ ሊያስገርም አይገባም። መጠኑ ለወራት ሳይለወጥ የቆየ ውሻ ድንገት ጠባዩ ቢለወጥ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ ተገቢ ይሆናል። ያልታየ የሌሊት ጥቃት፣ የጉበት ጉዳት፣ እርጅና ወይም በአእምሮ ውስጥ ያደገ ዕጢ ሊኖር ይችላል።

ይህ ስሌት ሁለት ጥንቃቄዎች አሉት። ፌኖባርቢታል መድኃኒቱን የሚያስወግደውን የጉበት ሥራ ራሱ ስለሚያፋጥን፣ መጠኑ ሳይለወጥ በደም ውስጥ ያለው ልክ ከወራት በኋላ ሊቀንስ ይችላል። ሌቬቲራሴታም አብሮ የሚሰጥ ከሆነም ቶሎ እንዲወጣ ያደርገዋል። ብሮማይድን በተመለከተ ደግሞ የምግብ ጨው ወሳኝ ነው። ጨው ሲበዛ ብሮማይዱ በሽንት ይወጣል፤ ጨው ሲቀንስ ይከማቻል። የምግቡን ዓይነት የለወጠ ቤተሰብ ሳያውቀው የመድኃኒቱን መጠን ለውጧል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ጠባይ ሲለወጥ ግምት ከመውሰድ በደም ውስጥ ያለውን ልክ ማስመርመር ይመረጣል። ለፌኖባርቢታል የሚፈለገው ልክ በሚሊ ሊትር ከ15 እስከ 45 ማይክሮ ግራም ተብሎ ቢጠቀስም፣ ከ35 በላይ ሲሆን በጉበት ላይ የሚደርሰው አደጋ ስለሚጨምር ከዚያ በታች መቆየት ይመከራል።

ገና በማደግ ላይ ያለ አእምሮ

ጉዳዩ ይበልጥ ከባድ የሚሆነው በሕፃናት እንስሳት ላይ ነው። በ1978 በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ገና በሕፃንነታቸው ፌኖባርቢታል ለረጅም ጊዜ የተሰጣቸው አይጦች የአእምሮ ዕድገት እንደቀነሰና ጠባያቸውም እንደተለወጠ አመልክቷል። በ2002 የታተመ የጀርመንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ ደግሞ፣ ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን፣ ዲያዜፓምና ቫልፕሮዬት በማደግ ላይ ባለ የአይጥ አእምሮ ውስጥ ሴሎች ራሳቸውን እንዲያጠፉ እንደሚያደርጉ አሳይቷል። ከአይጥ ወደ ሌላ ፍጡር ውጤትን ሳያስተውሉ ማሻገር ስሕተት ነው። ቢሆንም ፍሬኑ በሚገነባ አእምሮ ላይ ሲያዝ ግንባታውን ራሱን ሊነካ እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ሆኗል።

ለኢትዮጵያ የሚኖረው ትርጉም

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሁለት ምክንያቶች ግን ያቀርቡታል። አንደኛው ጥንቃቄን የሚመለከት ነው። የውሻ እብደት በሽታ ባለበት አገር፣ የተንፈራገጠና ጠባዩ የተለወጠ ውሻ ሲገኝ መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው ይኸው በሽታ ነው እንጂ የሚጥል በሽታ አይደለም። እንዲህ ያለው ውሻ ክትባቱ ሳይረጋገጥ አይነካም፤ የነከሰው ሰው ካለም ሳይዘገይ ሕክምና ማግኘት አለበት።

ሁለተኛው ሰውን የሚመለከት ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ባደረጉትና በ1990 በወጣው ጥናት፣ ከ1,000 ሰዎች መካከል 5.2ቱ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ተገኝቷል። ዋጋው ርካሽ በመሆኑ በኢትዮጵያ ለብዙ በሽተኞች የሚሰጠው መድኃኒትም ያው ፌኖባርቢታል ነው። ውሻ መፍዘዙን አይናገርም፤ በትምህርት ቤት ወደ ኋላ የቀረ ሕፃንም ብዙ ጊዜ አይናገርም። ከእንስሳው የሚገኘው ትምህርት፣ ታካሚው ራሱ የማይናገረውን የሚጠይቅ ሰው እንዲኖር ነው።

ምን ሊደረግ ይገባል?

አስፈላጊው ነገር ውድ መሣሪያ አይደለም። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የእንስሳው ጠባይ በጽሑፍ ይመዝገብ፤ ምን ያህል ይተኛል? ሲጠራ ይመጣል? የለመደውን ትእዛዝ ያስታውሳል? ምግብ ሲቀርብ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ድምፅ ሲሰማ ምን ያደርጋል? መነሻ ልክ ሳይኖር ለውጥ አይለካም። ከዚያም ያው ጥያቄ በ2ኛው ሳምንት፣ በ3ኛው ወር፣ መጠኑም በተለወጠ ቁጥር ይደገም፤ ከጥቃቱ መዝገብ ጎንም ይቀመጥ።

ውጤቱ የማያረካ ሲሆን መድኃኒቱን ድንገት ማቆም ግን ከሁሉ የባሰ ስሕተት ነው። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ሕይወትን የሚያሰጋ ማቆሚያ የሌለው ጥቃት ሊያስነሣ ይችላል። መጠኑን መቀነስ፣ በሌላ መተካት ወይም ሌላ ዘዴ መጨመር በእንስሳት ሐኪም ቁጥጥር ሥር ቀስ በቀስ የሚደረግ ነው። ከሌሎቹ ዘዴዎች አንዱ ምግብ ነው። በ2015 የወጣ ጥናት ከኮኮናት ከሚገኙት ዓይነት ቅባቶች ጋር የተዘጋጀ ምግብ መድኃኒት እየወሰዱ ባሉ 21 ውሾች ላይ ጥቃትን እንደቀነሰ አሳይቷል። በ1 ዓመት ልዩነት የወጣው ተከታዩ ጥናት ደግሞ በእነዚሁ ውሾች ላይ እንግዳን መፍራትና ነገርን እያሳደዱ መሮጥ እንደቀነሰ ገልጿል። ሁለቱንም መለኪያ ያስቀመጠ ሥራ ሁለት ዓይነት ውጤት ሊያይ ችሏል።

በመጨረሻም ፍርዱ የማን ነው? በ2006 ግላስጎው ላይ የተደረገ ጥናት እንደሚያሳየው፣ የታመሙ ውሾች ባለቤቶች ከፍ ያለ ዋጋ የሰጡት ለእንስሳው የኑሮ ሁኔታ፣ ለጥቃቱ ተቀባይነት ያለው ልክና ለጎንዮሽ ጉዳቱ ተቀባይነት ነበር። በ3 ወር ከ1 ጊዜ በታች የሆነ ጥቃትም የሚቻል መሆኑን ተናግረዋል። እነዚህ ሰዎች ዜሮ አልጠየቁም። የጠየቁት ሲጠራ ጅራቱን እየወዘወዘ የሚመጣውን የቀድሞውን ውሻቸውን ነው። በሁለት መለኪያ የሚመዝን ሐኪም ይህንን ጥያቄ ሊመልስ ይችላል። የጥቃቱን ቁጥር ብቻ የሚያይ ግን፣ በጥግ ተኝቶ ማንንም የማይለይ እንስሳ ፊት ቆሞ ሥራው እንደተፈጸመ ሊያምን ይችላል።